የጎረቤት እጅ

አረንጓዴ የሚያበራው ባክቴሪያ ከሌንሱ ሥር ያለችውን የሰው ሴል ሊነካት ጥቂት ሲቀረው፣ ተመራማሪዋ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ ወንበሯን ለቀቀች። ወራት የለፋችው ይህን ለማየት ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ይዩልኝ» አለቻቸው የቤተ ሙከራ ክፍሉን ኃላፊ። ጓንቷን አውልቃ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች።

«እንዲህ ለፍተሽ ለፍተሽ ሲደርስ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው?» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ በሚያዩት ተመሰጡ። ሴሎች ጎን ለጎን የሚቆሙት እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች ነው፤ ባክቴሪያውም ከገላው ላይ ባበቀለው ፕሮቲን ያንኑ እጅ ጨበጠ። «ጎረቤቷ መሰላት እኮ! በር የሰበረ የለም፤ ራሷ ልታቅፈው ነው። እንደ አማች ተከብሮ ሰተት ሊል ነው! ነይ እንጂ እዪው!»

ከበሩ አጠገብ ሆና ሳቀች፤ ግን አልመጣችም። ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት፤ ቧንቧውን ከፍታ እጇን እንደገና እየታጠበች ነው። ይህ ባክቴሪያ ከእናት ወደ ጽንስ እንደሚሻገር የክፍሉ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነፍሰ ጡር እዚህ አትሠራም።

«ባልሽ ሰምቷል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ገና ነው። እኔም ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ይህችን ብቻ ልይ ብዬ ነበር የገባሁት፤ አልቻልኩም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም» አሉና ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሱ። «አሁን ውጪና በሩን ዝጊው፣ ልጄ። የሆነውን ሁሉ እየጮህኩ እነግርሻለሁ።»

ወጥታ በሩን በክርኗ ገፍታ ዘጋችውና ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ለጠፈች።