ሲጠይቅዎት ይህን ይጻፉ

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሀይደር መቱ ባለው ሱቁ ላፕቶፑን ለሦስተኛ ጊዜ አጥፍቶ አበራው። ያው ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ፋይሎችህ ተቆልፈዋል፣ ማስከፈቻ ክፈል። ቢከፈላቸውም ሌቦቹ እንደማይከፍቱ ከሌላ ደንበኛው አይቷል።

ጋሼ ነገራ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወረዳቸውን የዳሪሙን ሰው የዘር ሐረግ ከሽማግሌዎች አፍ እየለቀሙ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ጽፈዋል፤ ከነገሯቸው ውስጥ ዛሬ አንድም በሕይወት የለም። ልጁን የሚድር ሁሉ ዝምድና እንዳይኖር እሳቸውን ይጠይቃል። እሑድ ደግሞ የገዛ የልጅ ልጃቸውን ኡርጂን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

«ይኼን ሲስተም ቫይረስ አይነካውም ብለኸኝ አልነበር?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ።»

ብሏል፤ ያውም ደረቱን ነፍቶ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን አሮጌ ሲስተም አውጥቶ ይኼን የጫነላቸው እሱ ነው።

«ፍላሽ ላይ አልገለበጡትም?»

«ገልብጬዋለሁ። እንዳይጠፋብኝ ግን እዚያው እንደሰካሁት ነው የምሠራው።»

ሀይደር ፍላሹን ከፈተው። እሱም ተቆልፏል።

«ምን አውርደው ነበር?»

«የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የሚል አየሁ፤ ነፃ ነው ይላል። ኮምፒውተሩ የሚስጥር ቃል ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ። ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ ልቀጥል ወይ አለኝ። ኤዬ፣ እሺ አልኩት።»

«እንዴት እሺ ይሉታል?»

ሽማግሌው የላፕቶፑን ጠርዝ በጣታቸው ነኩ። በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ የሚስጥር ቃሉ ሰፍሮባታል፤ ጽሑፉ የሀይደር የራሱ ነው። «ሲጠይቅዎት ይህን ይጻፉ፤ ከዚያ እሺ ይበሉ።» ለትንሹም ለትልቁም ከዳሪሙ መቱ ድረስ ሲመላለሱ አንጀቱን በልተውት የጻፈላቸው ነው።

ሀይደር አፈረ። ሲስተሙ የድርሻውን ሠርቷል፤ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ሁለቴም በዚያች ወረቀት የመለሰለት ሀይደር ራሱ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። የጻፉት አይመለስም።»

«ማል ጎና? ምን እናደርጋለን እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ደብተር አምጣ። ለእሑዱ የራሴን ዘር ልንገርህ፣ ጻፍ።»

ሀይደር እስክሪብቶ ያዘ።

«ነገራ ቶሊና። ቶሊና ጉደታ። ጉደታ ዋቆ። ዋቆ...»

ሀይደር ጠበቀ።

«ዋቆ...» አሉ ደግመው፣ ዓይናቸውን ቀዩ ጽሑፍ ላይ ተክለው።