እንዳትነፋ

ፖሊሱ ገበያው መግቢያ ላይ የትንፋሽ መለኪያውን ሲዘረጋለት ሰውዬው አላመነታም። ጠጥቶ የተገኘ ሰው መሣሪያው በር ላይ ይያዝበታል። ጠዋት አጎቱ ወልውለው ያስያዙትን ጠመንጃ ከትከሻው አወረደና አፉን ወደ መለኪያው አስጠጋ። በዕድሜው አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ጋቢው ሳይቀር አረቄ አረቄ ይሸታል። አጎቱ ራቅ ብለው ከኋላ ቆመዋል።

«እንዳትነፋ!»

እንዲህ እያለ ለፍተሻ ከተሰለፈው ሰው መሀል ክራቫት ያሰረ ጠበቃ ወጣና ፖሊሱን አፋጠጠው። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘሃል? ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዞ በሰላም የሚሄድን ሰው በየትኛው ሕግ ነው የምታስነፋው? ለመሆኑ ሕገ መንግሥቱን አንብበኸዋል?»

«ጌታዬ፣ ይተዉኝ፤ ልንፋ» አለ ሰውዬው።

«አትፍራ ወንድሜ! መብትህ ነው!»

ሰውዬው ወደ ፖሊሱ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠጥቻለሁ እኮ። አይሸትህም? በናትህ ጠመንጃውን ውሰድልኝ።»

«በራሱ ላይ እንዲመሰክር ማንም አያስገድደውም!» ጠበቃው ጮኸ። ገበያተኛው አጨበጨበ። ፖሊሱ የተሰበሰበውን ሕዝብ ቃኘና መለኪያውን ኪሱ ከተተው።

«እለፍ» አለው።

ሰውዬው ከቆመበት አልተነቃነቀም። አጎቱ መጥተው ጠመንጃውን መልሰው ትከሻው ላይ አነገቱለት።

«ጠበቃውን እግዜር ነው የላከልን» አሉት በጆሮው። «አረቄውን መጠጣትህም ደግ ነው፤ ልብ ይሰጥሃል። የወንድምህ ገዳይ ያውልህ፣ ጨው ተራ ቆሟል።»