የእሑድ ፉክክር

ከሐሙስ ጀምሮ «ገንዘብ አውጣ» የሚለውን ቢጫንም ገንዘብ ያባዛል የተባለው የስልክ መተግበሪያ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» ከማለት በቀር ምንም አልሰጠውም። ትርፉ ግን በየቀኑ ይጨምራል፤ አርባ አንድ በመቶ ደርሷል። ገንዘቡን ያስገባው የሚስቱን ወርቅ ሸጦ ነው፤ እሷ አታውቅም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

የቀረው ተስፋ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ባለ ሚኒባሱ ጋሽ ዘርጋው ናቸው። እዚያው መተግበሪያ ላይ ከእሱ ቀድመው እንደገቡ ነግረውታል። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ትርፋቸውን ያወዳድራሉ። እሱ ስልኩን ከፍቶ ያሳያል፤ ጋሽ ዘርጋው «መነጽሬን ረሳሁ» እያሉ በቃላቸው ይነግሩታል፤ ሁልጊዜም ይበልጡታል። ለእሳቸው ከከፈለ ለእኔም ይከፍላል ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ እስካሁን ስንት አውጥተዋል?»

ጋሽ ዘርጋው ግራ ቀኙን አይተው ክንዱን ያዙትና ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱት።

«አደራህን፣ ለእህቴ እንዳትነግራት። እስከ ትናንት እዚያ ውስጥ አምስት ሳንቲም አልነበረኝም። ካንተ ላለማነስ ቁጥር ስፈጥር ነው የከረምኩት።»

የእሱን ሊነግራቸው ሲጀምር ጋሽ ዘርጋው አቋረጡት።

«ግን የአንተን ትርፍ በዓይኔ እያየሁ እስከ መቼ እፈራለሁ? ትናንት ሚኒባሷን ሸጥኩና ሙሉውን አስገባሁት።»

ከኮታቸው ኪስ መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ።

«በል ስልክህን አውጣ፤ ዛሬ በእውነት እንወዳደር።»