በጣት የሚዞረው ሌንስ

ፎቶ አንሺው ጅብሪል አዲሱ ሌንሱ ሊያነሳ በተቀጠረበት ሠርግ ጠዋት ወድቆ ስለተሰበረበት፣ የአባቱን አሮጌ ሌንስ በማጋጠሚያ ቀለበት ካሜራው ላይ ገጠመው። አሮጌው ግን በጣት ካልተዞረ ምስል አያጠራም።

ሙሽራዋ ሰርካ፣ ከመቻራ ወደ ጭሮ ሆስፒታል ሲወሰዱ ለሠርጓ ጎራ ያሉትን አባቷን ደግፋ አቆመቻቸው። "አንዴ ብቻ፤ ብዙ መቆም አይችሉም" አለች አብራቸው የመጣችው ነርስ። ጅብሪል ሌንሱን በቅጡ ሳያዞር ቸኩሎ አነሳ። ሽማግሌው ወዲያው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ስክሪኑን ሲያይ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ጠርቶ፣ ፊታቸው ደብዝዟል።

"ወጣ?" አለችው ሰርካ።

"አዎ" ሊል ነበር፤ አንደበቱ እምቢ አለው። "አልወጣም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሽማግሌው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ተነሱ። "ሱታ፣ ልጄ፤ ቀስ ብለህ አንሳ" አሉት ኦሮምኛ ቀላቅለው። "እስክትጨርስ አልቀመጥም።"

ጅብሪል ትንፋሹን ይዞ ሌንሱን አዞረ። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ይቆጠራል።