የስንዱ የሰርግ ጫማ

የጌጡ ኩላሊት ግማሹ ተቆርጦ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። በአዲሱ ሕክምና፣ የቀረው እስኪያገግም ድረስ የሚስቱ የስንዱ ኩላሊት እጃቸው ላይ ባለው አምባር በኩል ሸክሙን ይጋራዋል። እሱ ጨው ሲያበዛ እሷ ታብጣለች።

ዛሬ የእህቷ ልጅ ሰርግ ነው። ጌጡ ከሥጋ ቤት ሲመለስ ስንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከአዲሱ ጫማዋ ጋር ትታገላለች።

«ጨው ከተውኩ ስንት ጊዜዬ! እግሬን ምን ነካው?»

ጌጡ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ተንበርክኮ ሊያጠልቅላት ሞከረ፤ ያበጠው እግሯ እንቢ አለ። ስንዱ ድንገት እጁን ይዛ አሸተተችው። ሚጥሚጣ፣ ሚጥሚጣ ይላል።

«ቁርጡ ጣፈጠህ?» አለችው ቀስ ብላ።

ከጥልፍ ቀሚሷ ስር የቤት ነጠላ ጫማዋን አደረገች።

«ተነስ፣ እንሂድ። ሰው ከጠየቀኝ ጫማው ጠበበኝ እላለሁ።»