አራት ጆሮ ያለው መቅረጫ

አለቃው መቅረጫ የሚገዛው ዘፈን ለመቅረጽ ብቻ አልነበረም። ሰው ለመያዝም ነበር።

አለቃው የአንድ ትንሽ የሙዚቃ ቡድን መሪና ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ቡድኑ አንድ ሆቴል ውስጥ እራት የሚበላውን ሰው ያዝናናል፤ ሰዉ ባይዝናናም እራቱን ይበላል። ሰሞኑን ግን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራው።

«ከመካከላችሁ አንዱ ከቃና እየወረደ ነው» አለው። «እንግዶቼ ማንኪያ አስቀምጠው ይተያያሉ። ጥርት ያለ ቅጂ አምጡና ሰምቼ ልወስን። አለዚያ ሌላ ቡድን አስገባለሁ።»

አለቃው ጥፋተኛውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም። ዘፋኙ ነው። ዘፋኙ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሆን ጉሮሮ ይሉታል። ዘፈን ያስተማረው ራሱ አለቃው ነው፤ ልጁም ከዘፈን ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ድሮ ሲዘፍን አላፊ አግዳሚው በር ላይ ይቆም ነበር። አሁን መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ሸርተት ይላል። ደግሞ እየዘፈነ ዓይኑን ከአለቃው እጅ አይነቅልም።

«ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው እንዲህ የሚያፈጥብኝ» ይላል አለቃው። «በወሬ አላባርረውም። ማስረጃ አምጥቼ ነው የማባርረው።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ መቅረጫ የምታውቀው ነገር የለም። ያም ሆኖ የዚያን ቀን ጠዋት የጀመረችውን ቀሚስ ትታ አብሬ ካልሄድኩ ብላ ድርቅ አለች።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሦስት መቅረጫ ደረደረ። የመጀመሪያው ኪስ የሚገባ፣ ከአናቱ ሁለት ማይክ እንደ ቀንድ አውጣ ቀንድ ያወጣ ነው። አለቃው የቁልፍ ዘለላውን አወጣና መሣሪያው ፊት አቅጨለጨለው። ቁልፍ ያልያዘ መቅረጫ ቫዮሊን አይዝም ባይ ነው። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ፊቱን አጨማደደ።

«ቁልፉ የታለ? ውጦታል።»

ሻጩ ተቀብሎ አዳመጠ። ለእሱ ቁልፉ ቅልጭ ብሎ ተሰማው። የባለሙያ ጆሮ ሌላ ነው ብሎ ግን ሁለተኛውን አቀረበ። ሁለተኛውም ዋጠ። አለቃው የዛሬን ዕቃ ከነሠሪዎቹ ዘር ማንዘር ረገመ።

ሚስቱ ትንሹን አነሳች። «ይኼ ይበቃናል። ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ይገባል፣ አንድ ላይ ይወጣል። ምን ጎደለው?»

«እሱ ነው የጎደለው። እኔ የምፈልገው ሰውን ለየብቻ የሚይዝ ነው።»

የሻጩ ፊት በራ። ሦስተኛው አራት ማይክ የሚሰካበት ነበር። እያንዳንዱ ማይክ የራሱ መስመር አለው፤ የአንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ መስማትም ማጥፋትም ይቻላል።

«አራት ጆሮ አለው በሉት» አለ ሻጩ።

ሚስቱ አገላበጠችው። «ይከብዳል።»

«ኧረ ቀላል ነው፣ እትዬ።»

«ባትሪ ይጨርሳል።»

«ቻርጅ ይደረጋል።»

«ቢወድቅ ይሰበራል?» አለች በተስፋ።

«ከፎቅ ቢወድቅ እንኳ ምንም አይሆንም።»

ይኼን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። አለቃው ሳቀባት።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። ወንድምሽ እንዳይጋለጥብሽ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ለወንድሜ ብዬ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

አለቃው በዚህ በጣም ከመደሰቱ የተነሳ አራት ጆሮ ያለውን በቁልፍ ሳይፈትነው አስጠቀለለ።

ከሰዓት በኋላ መለማመጃ ክፍላቸው ውስጥ ማይኮቹን ተከለ። አንደኛው ለራሱ ቫዮሊን፣ ሁለተኛው ለጉሮሮ፣ የቀሩት ለኪቦርዱና ለከበሮው። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የጉሮሮን ኮት ቁልፍ ትተክላለች። ዘፈኑ ጥሩ ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ ጉሮሮ እንደ ልማዱ ወረደ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣራ ጣራውን አየ፤ ከበሮ መቺው ጫማውን መረመረ።

ሲያበቃ አለቃው እጁን እያፋተገ ማዳመጫውን አነሳ። «በሉ፣ አሁን አንድ በአንድ እንሰማለን። ከማን እንጀምር?»

የሚስቱ መርፌ ቆመ። ጉሮሮ ተነሳ።

«አይድከሙ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ። ድምፄ ካለቀ ቆይቷል፤ እርስዎን ማስቀየም ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ራሴ እወጣለሁ።»

አለቃው ማዳመጫውን ሳያጠልቀው አስቀመጠ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብሎ አላሰበም፤ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ሆዱ ውስጥ ቀረ። ትንሽ ቅር አለው።

«ሰው ጥፋቱን ሲያምን ደስ ይላል» አለ በመጨረሻ። «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። ነገ ሌላ ዘፋኝ አመጣለሁ፣ ሥራ አስኪያጁም ያኔ ማን እንደሆንን ያያል።»

ቫዮሊኑን በብብቱ ሸጉጦ፣ ሁለቱን ተጫዋቾች አስከትሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ምሥራቹን ለሆቴሉ እስኪደውል ቸኩሏል።

ሚስቱ አለቀሰች። ወንድሟ ኮቱን ከጉልበቷ ላይ ሲያነሳ እንኳ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ቆይታ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና መቅረጫውን ሳበችው።

«አንዱን ብቻ የሚያጠፋው የቱ ነው?»

ጉሮሮ አሳያት። ማዳመጫውን አጥልቃ አንደኛውን፣ የባሏን መስመር ለብቻው ሰማችው። እስከ መሀል ድረስ ሰማችና ዓይኗን ጨፍና አጠፋችው።

«እንግዲህ አዲስ ዘፋኝ ሲመጣ፣ እህት ዓለም፣ ቫዮሊኑ ሲወርድ አብሮት እንዲወርድ አደራ በይልኝ» አላት ጉሮሮ፣ ኮቱን እየለበሰ።