የማሩ ዲኤንኤ

ማሩ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠው ከብዶት አይደለም፤ እሱ እንደሚለው አስተማሪዎቹ እያዘገሙ ስላሰለቹት ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ ያልሞከረው ሥራ የለም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። ተሳፋሪ ስለ ፖለቲካም ይጠይቀው ስለ ኩላሊት፣ መልስ አያጣም።

መልስ ያጣው ስርጉትን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ጊዜ ብቻ ነው።

ስርጉት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። አባቷ አቶ ውቤ ከከተማው ወጣ ብለው ገብስና ጤፍ ያርሳሉ። ዘር በመቁጠር አገር ያውቃቸዋል። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው የማሩን አያት ቅድመ አያት ጠየቁ፤ በጣታቸውም ይቆጥሩ ጀመር። አምስተኛው ቤት ላይ ጣታቸው ቆመ። የማሩም የስርጉትም ዘር እዚያ ላይ አንድ ሰው ጋ ተገናኘ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ማሩ አላመነም። ሽማግሌው ልጃቸውን ለባጃጅ ነጂ ላለመስጠት ሲሉ አያት ፈጥረውብኛል አለ። ላገኘው ተሳፋሪ ሁሉ ይህንኑ ተናገረ፤ አንዳንዱ ከመሰልቸቱ የተነሳ ሳይደርስ ይወርድ ነበር።

በኋላ ካናዳ ያለችው የአክስቱ ልጅ ገነት በመንገደኛ እጅ የዲኤንኤ መመርመሪያ ላከችለት። ለእሱ አንድ፣ ለስርጉት አንድ። ኮሮና ጊዜ አፍንጫ ውስጥ የሚከቱትን የመሰለ፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ዘንግና ክዳን ያለው ብልቃጥ ነው። በጥጡ ጉንጭ ከውስጥ ይታሻል፣ ብልቃጡ ውስጥ ይከደናል፣ ይላካል። ማሩ ቲክቶክ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ነገር አይቷል፤ ስለዚህ ሊቅ ነው። ለማንም ያልነገረው ግን አንድ ነገር አለ። ዝምድናው ከራቀ ምርመራው ብዙ ጊዜ አያየውም። አምስተኛ ቤት ደግሞ ሩቅ ነው።

ለአቶ ውቤ ዲኤንኤ አይዋሽም፣ እሱ ያለው ይጽና አላቸው። ብዙ አሰቡ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ትልቁን አያ ጌጡን ምስክር አድርገው ተናገሩ።

«ዘመድ አይደላችሁም ካለ ልጄን መርቄ እሰጥሃለሁ። ዘመድ ናችሁ ካለ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ አትልክም፤ የእሷንም ዓይን አታይም። በወንጌል ማል።»

ማሩ ማለ። ከችኮላው የተነሳ ሁለቴ ማለ።

ስርጉት ወደ ጓሮ ጠርታ፣ ዘመድ ናችሁ ቢልስ ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ሳላውቅ የምገባበት ነገር አለ እንዴ?» አላት።

ስርጉት ሳያውቅ የገባባቸውን መዘርዘር ጀምራ ነበር። አባቷ ሲያስሉ አቋረጠች።

ናሙናው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ውቤ ቤት ሊወሰድ ተቀጠረ። ማሩ በጠዋት ደርሶ እንደ ሐኪም ቤት ሰው ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። እስኪያልቅ ምግብም ውሃም የለም። ጥጡን የማንም እጅ አይነካውም። ይህን ሲል ዓይኑ አቶ ውቤ እጅ ላይ ነው። ሽማግሌው ብልቃጥ ይለውጣሉ፣ ወይ ጥጡን በጣታቸው ይነካካሉ ብሎ ጠርጥሯል። ስለዚህ ለማየት በሚመቸው በኩል አስቀመጣቸው። እሳቸው እጃቸው ሳይቀር በጋቢያቸው ተጠቀለሉ።

ስርጉት ሁለቱንም ጉንጯን እንደታዘዘችው በደንብ አሸች። ማሩ ዘንጉን ተቀብሎ ብልቃጥ ውስጥ ከደነውና ኪሱ ከተተው።

ተራው የእሱ ሆነ። በልጅቷ አባት ፊት አፍን በልቅጦ መክፈት ነውር ነው። ይህን ቲክቶክ አይናገርም። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ በጃኬቱ ተከልሎ ጥጡን ጉንጩ ላይ ነካ አደረገና ቶሎ አወጣው። አፉ በፍርሃት ደርቆ ነበር።

አያ ጌጡ በዚህ መሃል የሰው ዕጣ ያለበት ነገር ሳይመረቅ ከቤት አይወጣም አሉ። ማሩ ደስ አለው። የአቶ ውቤን ልብ ማለስለሻ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ዘንጉን ግን የትም አላስቀመጠም፤ እዚህ ቤት ማን ይታመናል? በጣቶቹ መሃል እንደያዘው አቶ ውቤ ፊት ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘረጋ።

አቶ ውቤ ምርቃት ይችሉበታል፤ የሚሰስቱም አይደሉም።

«እውነቱን ያውጣው። ለሁላችንም የሚበጀውን ያምጣው። እንትፍ! ካሰባችሁት ያድርሳችሁ። እንትፍ! እንትፍ!»

የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ቆይቷል፤ ምርቃታቸው ካፊያ አለው። ማሩ ፊቱንም እጁንም ሳይጠርግ፣ በሙሉ ልቡ አሜን አለ። ዓይኑን ከጋቢያቸው አልነቀለም። እጃቸው ከዚያ አልወጣም። ተነሥቶ ዘንጉን ብልቃጡ ውስጥ ከተተና ክዳኑን አጠበቀ። ሲመለስ ባጃጁን እያፏጨ ነዳ። ሽማግሌውን ቀድሟቸዋል።

ብልቃጦቹ ካናዳ ተላኩ፤ ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ ከገነት በቴሌግራም መጣ። በእንግሊዝኛ ነው። ማሩ የራሱንና የስርጉትን ስም ለየ፤ ከሥሩ ደግሞ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ፐርሰንት የሚል አየ። ሌላው አላስፈለገውም። ይህን ያህል ፐርሰንት ባዳ ነን ማለት ነው ብሎ ተረጎመው፤ ሰው መጠየቅም ክብሩ አልፈቀደለትም። ሽማግሌዎቹን በባጃጁ ጭኖ፣ ከጓደኛው የተዋሰውን ኮት ለብሶ አቶ ውቤ ቤት ገባ።

ስልኩን ለስርጉት ሰጣት። አስተማሪ ስለሆነች ጮክ ብላ እንድታነብ፣ ሁሉም በጆሮው እንዲሰማ ፈለገ። አቶ ውቤ ለመመረቅ ተዘጋጅተው ቆመዋል።

ስርጉት በልቧ አነበበች። መልሳ አነበበች። ማሩን አየች፤ አባቷን አየች። አያ ጌጡ ትዕግሥታቸው አለቀና ዘመድ ናችሁ ይላል ወይስ አይደላችሁም ብለው ጠየቋት።

«ማሩ ወላጅ አባቴ ነው ይላል» አለች ስርጉት።